የውቅያኖስ ስኩዊድን ዕድሜ ከርዝመቱ ማወቅ ይቻላል?

የቆሮሶ ተማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። በዓሣ ሀብት ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን የመመረቂያ ሥራዬ የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ዕድሜና ዕድገት ነው። ላለፉት ሰባት ወራት ቀኑን ሙሉ የምውለው ከዓሣው ጭንቅላት ውስጥ ኦቶሊት የሚባለውን የጆሮ ድንጋይ በወረንጦ እያወጣሁ ቀለበቱን ስቆጥር ነው። የእኛ ሐይቆች ሙቀት እንደ ቀዝቃዛው አገር ውኃ ከወቅት ወቅት እጅግ ስለማይራራቅ ቀለበቱን ማንበብ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የሐዋሳ ቆሮሶ በዓመት አንድ ሳይሆን ሁለት ቀለበት እንደሚሠራ ከታወቀ ወዲህ ግን ቢያንስ ምን እንደምንቆጥር እናውቃለን።

ዛሬ የመጣሁት በሌላ ጉዳይ ነው። ለሴሚናር የደረሰኝ ርእስ የውቅያኖስ ስኩዊድ ስርጭት፣ ዕድሜና ዕድገት የሚል ነው። ስኩዊድ አጥንት የሌለው፣ ባለ ብዙ እጅ የባሕር እንስሳ ነው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ስኩዊድንም ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ግብዣ ላይ፣ ካላማሪ ተብሎ ክብ ክብ ተቆርጦና ተጠብሶ ነው። ስለዚህ ያነበብኩትን የምመዝንበት የራሴ ልምድ የለኝም።

ግራ ያጋባኝ ነገር ይህ ነው። ቆየት ያሉት ጽሑፎች የስኩዊድን ዕድሜ የሚገምቱት በርዝመቱ ነው። በየወሩ ብዙ መቶ ስኩዊድ ይለካል፣ ርዝመቱ በግራፍ ላይ ይሰፍራል፣ በግራፉ ላይ የሚታየው ጉብታ ከወር ወር ወደ ቀኝ ሲሄድ የአንድ ትውልድ ዕድገት ነው ተብሎ ይያዛል። እኛም በሐይቅ ዓሣ ላይ የምንሠራበት ዘዴ ስለሆነ አልተጠራጠርኩትም። በሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ ዳርቻ በሚኖረው ረጅም ክንፍ ስኩዊድ ላይ በዚህ መንገድ የተሰጡት ግምቶች ዕድሜውን ከአንድ ዓመት በላይ፣ አንዳንዶቹም እስከ ሁለትና ሦስት ዓመት ያደርሱታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጡት ጥናቶች ግን በራሱ ውስጥ ካለች ትንሽ ድንጋይ ላይ የቀን ቀለበት ቆጥረው፣ ያው እንስሳ አንድ ዓመት እንኳ አይሞላውም ይላሉ።

እንግዲህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የቀን ቀለበት የተባለው በእርግጥ የቀን መሆኑ በምን ተረጋገጠ? ርዝመት ለዓሣ እየሠራ ለስኩዊድ ለምን አልሠራም? ስርጭቱስ ከዚህ ሁሉ ጋር ምን ያገናኘዋል? መምህሬ ስርጭትን ከዕድገት ነጥዬ እንዳላቀርብ አጥብቀው ነግረውኛል፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ ግን ራስህ ፈልገህ አግኘው ነው ያሉኝ።


ሐኮዳቴ፦

ውድ ጠያቂ፣ ትምህርቴን የተከታተልኩት በሰሜን ጃፓን በሐኮዳቴ ከተማ ስለሆነ፣ ሦስት ዓመት ገደማ የስኩዊድ ድንጋይ ስፈጭና ስቆጥር ኖሬአለሁ። ሐኮዳቴ ስኩዊድ የከተማው ምልክት የሆነበት ቦታ ነው። በበጋ ሌሊት ከተማው አጠገብ ካለው ተራራ ላይ ሆነው ወደ ባሕሩ ቢመለከቱ፣ የስኩዊድ ጀልባዎች መብራት ከአድማሱ ሥር ተደርድሮ ሌላ ከተማ ይመስላል።

ከድንጋዩ ልጀምር። ስኩዊድ ከአንጎሉ ሥር ባለው ልም አጥንት ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቅባቸው ፈሳሽ የሞላባቸው ሁለት ክፍተቶች አሉት፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ስታቶሊት የምትባል አንዲት ድንጋይ ትገኛለች። የተሠራችው እርስዎ ከሚያውቁት ኦቶሊት ጋር በአንድ ዓይነት ንጥረ ነገር፣ ማለትም በካልሲየም ካርቦኔት ነው። ጃፓኖች ሱሩሜ ኢካ የሚሉት ስኩዊድ፣ እግሮቹን ሳይጨምር ማንትል የሚባለው ቱቦ መሰል አካሉ 25 ሴንቲሜትር ሲደርስ እንኳ ስታቶሊቱ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። አገሬን የማስታውሰው ድንጋዮቹን በጥቁር ሳህን ላይ ስለቅም ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድንጋይዋ በመስታወት ስላይድ ላይ፣ ሲሞቅ በሚቀልጥና ሲቀዘቅዝ በሚጠጥር ሙጫ ትለጠፋለች። ከዚያ እጅግ ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ውኃ እየነካች በጣት ጫፍ ትፈጫለች፤ በየአሥር ጭረቱ በማይክሮስኮፕ ትታያለች። መሃሏ ሲቃረብ ሙጫው ይሞቅና ድንጋይዋ ተገልብጣ በሌላው በኩል ደግሞ ትፈጫለች። አንድ ሁለት ጭረት ካበዙ መሃሏ ይጠፋል፤ መሃሏ ከጠፋ ደግሞ የተፈለፈለበት ቀን ጠፋ ማለት ነው። በትክክል ከተፈጨች 400 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሥር ብርሃን ሲያልፍባት፣ እንደ ተከፈለ ሽንኩርት ብርማና ጨለማ መስመሮች እየተፈራረቁ ከመሃል ወደ ዳር ሲሄዱ ይታያል። አንድ ብርማና አንድ ጨለማ መስመር አብረው አንድ ቀን ናቸው። ቁጥራቸው ከተያዘበት ቀን ላይ ሲቀነስ እንስሳው የተፈለፈለበት ቀን ይገኛል። ዓመት ለመቁጠር ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ አንድ ስኩዊድ ጥር 12 ነው ወይስ ጥር 20 የተፈለፈለው ብሎ የሚከራከር ቤተ ሙከራ ውስጥ መሥራት ማለት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያ ጥያቄዎ ልምጣ። ቀለበቱ በቀን አንድ መሆኑ በግምት የተያዘ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ተመራማሪዎች ኢሌክስ ኢሌሴብሮሰስ የተባለውን ስኩዊድ በትልቅ ገንዳ ውስጥ እያኖሩ ስትሮንቲየም የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ሰውነቱ እንዲገባ አደረጉ። ስትሮንቲየም በካልሲየም ቦታ ተተክቶ በድንጋይዋ ላይ ምልክት ይተዋል። ከዚያ ምልክቱ ካረፈበት ጀምሮ እስከ ዳር ያሉትን ቀለበቶች ቢቆጥሯቸው ቁጥራቸው ካለፉት ቀናት ቁጥር ጋር ገጠመ። በጃፓኑ ስኩዊድም ላይ በገንዳ ውስጥ ተመሳሳይ ማረጋገጫ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተሠርቷል።

ይህን ስል ግን ቆጠራው ከስሕተት ነጻ ነው ለማለት አይደለም። ስኩዊዱ ለመራባት ሲደርስ ዳር ላይ ያሉት ቀለበቶች እየጠበቡ ይሄዱና አንዱ ከአንዱ ይለጠፋል፤ ስለዚህ አሮጌውን ስኩዊድ ወጣት የማድረግ ዝንባሌ አለ። እኔ ራሴ በአንዲት ድንጋይ ላይ 274 ስቆጥር የቤተ ሙከራ ጓደኛዬ 305 አገኘ። ሁለታችንም ደጋግመን ቆጥረን በየቁጥራችን ጸናን። በመጨረሻ ድንጋይዋ ተጣለች፤ በብዙ ቤተ ሙከራዎች እንደሚደረገው የሁለት ቆጣሪዎች ልዩነት ከመቶ አሥር ካለፈ ናሙናው አይያዝም፤ የእኛ ደግሞ ከአሥር ጥቂት በለጠ። ከዚህም በላይ በገንዳ ውስጥ ብዙ የማይቆዩ ትላልቅ ዝርያዎች አሉና፣ በእነርሱ ላይ የቀን ቀለበት የምንለው በአብዛኛው ከዘመዶቻቸው ወስደን ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ቆጣሪ 31 ቀን ስሕተትና የርዝመት ዘዴው የሚያመጣው የአንድ ዓመት ስሕተት በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም።

ስለ ርዝመት የጠየቁትን ሌሎችም እንዲጨምሩበት ለጊዜው ልተወው።


ባሕረኛው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሙያዬ የመርከብ ሞተር እንጂ ባዮሎጂ አይደለም፤ ነገር ግን ይህን ውይይት ሳነብ ለዓመታት በሆዴ ያለ ጥያቄ ቀስቅሶብኛል። ባሕር ዳር የተማርን ብዙዎቻችን ዛሬ በዓለም ባሕሮች ላይ ነን፤ ሌሊት ከሞተር ክፍል ወጥቶ አየር መቀበል ደግሞ ልማዳችን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐረብ ባሕር ላይ፣ ከኦማን ጠረፍ ርቀን፣ የማቀዝቀዣ ቧንቧ ፈንድቶብን ሌሊቱን ሙሉ ሞተር አጥፍተን ስንንሳፈፍ አደርን። የመርከባችን መብራት በውኃው ላይ ያረፈበትን ክብ ከዳር ሆኜ ስመለከት፣ ከጨለማው ድንበር ላይ ቀይ ቡናማ አካላት ብቅ ይሉና በብርሃኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዓሣ ነጥቀው ወደ ኋላቸው ተወርውረው ይጠፋሉ። ወደ ኋላ ነው የምላችሁ፤ ፊታቸውን ወደ ዓሣው እንዳዞሩ ነው የሚሸሹት። አንዳንዶቹ ከክንዴ ይረዝሙ ነበር። ሊነጋ ሲል አንዱ በዝቅተኛው የመርከቡ ወለል ላይ ወድቆ አገኘነው፤ መርከቧ አነስተኛ ናት፣ ጭነትም ስለነበረን ዝቅ ብላ ነበር። ወለሉ ሁሉ ቀለም ሆኗል። ጀርባው ላይ፣ ከአንገቱ በታች፣ ከቀረው ቆዳ የተለየ አንድ ሞላላ ምልክት ነበረበት።

በሌላ ጉዞ ደግሞ ከማልዲቭስ በስተደቡብ፣ በምድር ወገብ አካባቢ፣ እንደዚሁ መብራት ላይ የመጡ ብዙ ትንንሽ ስኩዊዶች አየን። የፊሊፒንስ ባልደረቦቼ በመንጠቆ ያዟቸው፤ ከመዳፌ ብዙም አይበልጡም፣ ሞላላው ምልክትም የላቸውም። እኔ የዐረብ ባሕሩ ግልገሎች ናቸው ብዬ ደመደምኩ። በምድር ወገብ ተወልደው፣ እያደጉ ወደ ሰሜን የሚወጡ መሰለኝ። ትክክል ነበርኩ?


ሐኮዳቴ፦

ባሕረኛው ሆይ፣ ያላወቁት ለጠያቂው ሁለተኛና ሦስተኛ ጥያቄ በአንድ ጊዜ መልስ ይዘው እንደመጡ ነው። ያዩአቸው ትንንሾቹ ግልገሎች ላይሆኑ ይችላሉ። በእኔ ግምት ያደጉ፣ ለመራባት የደረሱ ናቸው።

ሁለቱም ስቴኖቴውቲስ ኡዋላኒየንሲስ ከተባለው፣ በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖስ ሞቃት ክፍል ሁሉ ከሚኖረው ስኩዊድ ወገን ይመስላሉ። ይህ ዝርያ በአንድ ስም ሥር ብዙ መልክ አለው። በምድር ወገብ ግራና ቀኝ ባለው ጠባብ ቀበቶ የሚኖረው ድንክ መልክ ማንትሉ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን ይራባል፤ በጀርባው ላይ ብርሃን የሚያመነጨው ሞላላ ምልክትም የለውም። ከዚያ ሰፋ ባለው ክልል መካከለኛው መልክ ይገኛል። በዐረብ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ግዙፉ መልክ አለ፤ ማንትሉ እስከ 65 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ግዙፉም ቢሆን ዕድሜው ከአንድ ዓመት ገደማ አያልፍም። እንግዲህ አንድ ሰው ይህን አያውቅምና ከሁለቱም ቦታ የተያዙትን በአንድ ግራፍ ላይ ቢያሰፍር፣ ምን ይሆናል? ሁለት ጉብታ ያገኛል፤ ትንሹን ጉብታ የዘንድሮ፣ ትልቁን የአምና ትውልድ ብሎ ይጽፋል፤ መስመር ይስልባቸዋል፤ ሁለት ዓመት የሚኖር ስኩዊድ ፈጠረ ማለት ነው። የእርስዎ ድምዳሜ በትክክል ይኸው ነበር። በእርስዎ ላይ አልስቅም፤ ባለሙያዎችም ለብዙ ጊዜ ያሰቡት እንደዚሁ ነው።

መምህሩ ስርጭትን ከዕድገት አትነጥል ማለታቸውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። የውቅያኖስ ስኩዊድ በአንድ ቦታ ተወልዶ በዚያው አያድግም። ሱሩሜ ኢካን ልውሰድ። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው በምሥራቅ ቻይና ባሕርና በጃፓን ደቡብ፣ ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ተራ እንቁላል አይምሰላችሁ፤ በገንዳ ውስጥ እንደታየው 80 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍና ለዓይን የማይታይ ያህል ስስ የሆነ ዝልግልግ ኳስ ነው፤ በውስጡ እስከ 200 ሺህ እንቁላል ይይዛል። ኳሱ ሞቃቱ የላይ ውኃ ከቀዝቃዛው የታች ውኃ በሚገናኝበት ድንበር ላይ ተንሳፍፎ ይቆማል። ግልገሉ በጥቂት ቀናት ሲፈለፈል 1 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለቱ ረጃጅም እጆቹ ተጣብቀው እንደ ኩንቢ ሆነው ነው የሚወለደው፤ የሚለያዩለት በኋላ ነው። ከዚያ የኩሮሺዮና የጹሺማ ጅረቶች ወደ ሰሜን ይወስዱታል፣ በሰሜኑ ባሕር እየበላ ያድጋል፣ ለመራባት ሲደርስ ወደ ደቡብ ይመለሳል፣ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ዓመት ነው። ሐኮዳቴ ላይ ሆኖ በየወሩ የሚለካ ሰው ታዲያ የሚያየው መንገደኛ ነው፤ የደረሱት ሲሄዱ ገና ያልደረሱት ይመጣሉ፣ ግራፉ ላይ ያለው ጉብታ በቦታው የቆመ ይመስላል፣ እርሱም ስኩዊዱ ዘንድሮ አላደገም ይላል።

በስርጭት ረገድ እኛም ገና ስም በማስተካከል ላይ እንዳለን ልጨምር። በዓለም ውቅያኖሶች ሁሉ የተሰራጨ አንድ ዝርያ ነው ሲባል የኖረው ኦማስትሬፌስ ባርትራሚ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዘር ቅንጣት ጥናት አራት ዝርያ ሆኖ ተገኝቷል፤ የቀድሞ ስሙ የቀረው ለሰሜን ሰላማዊ ውቅያኖሱ ብቻ ነው። ስለዚህ የቆዩ ጽሑፎችን ሲያነቡ፣ የአንዱን ውቅያኖስ ዕድሜ ከሌላው ጋር ሲያነጻጽሩ ካዩ፣ የአንድ ዝርያ ጉዳይ መሆኑን ያጣሩ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሐምቦልት የሚባለው ግዙፍ ስኩዊድ፣ ዶሲዲከስ ጊጋስ ነው። ከቺሊ እስከ ካሊፎርኒያ ባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይኖራል፤ በ2000ዎቹ ዓመታት እስከ አላስካ ወጥቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የተገኘው የእንቁላል ኳሱ ከ2 እስከ 3 ሜትር ስፋት ነበረው፤ በውስጡ ከ600 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን እንቁላል እንደነበር ተገምቷል። 1 ሚሊሜትር ሆኖ የተፈለፈለው ግልገል ማንትሉ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ፣ ክብደቱም 50 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ የስታቶሊት ቆጠራ የሚሰጠው ዕድሜ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው። በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የተቆጠሩት በቀን ከ2 ሚሊሜትር በላይ ያድጉ ነበር። እንግዲህ ከ2009 እስከ 2010 የነበረው ኤል ኒኞ ምግቡን ሲያናጋበት፣ በዚያው ባሕረ ሰላጤ የነበረው ስኩዊድ አልጠፋም፤ መጠኑን ቀነሰ። ከዚያ በፊት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ አድጎ በግዙፍነቱ ይራባ የነበረው፣ በግማሽ ዓመት ገደማ ዕድሜው፣ ከወትሮው በእጅጉ አንሶ መራባት ጀመረ። ዓሣ አጥማጆቹ ትንንሾቹን ሲያዩ ግልገል መስሏቸው ነበር። በርዝመት ብቻ የሚሠራ ሰው እነዚህን ምን ሊላቸው ይችላል?


የቆሮሶ ተማሪ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ይሁንና አንድ ነገር አሁንም አልተዋጠልኝም። የተለያየ መልክ ያላቸውን ቀላቅሎ መለካት ስሕተት መሆኑ ገባኝ፤ ስደቱም ገባኝ። ግን አንድ መልክ ብቻ በሆነ፣ ሁሉም በአንድ ባሕር በሚኖሩ ስኩዊዶች ላይስ? በመስከረም የተፈለፈለው በኅዳር ከተፈለፈለው ቢያንስ ይረዝማል አይደለም? በቆሮሶ ላይ ታላቁ ከታናሹ ያጥራል ብዬ ባቀርብ ከክፍል ያስወጡኛል።


የቁጥር ሰው፦

ከዚህ በላይ ለተጻፈው የምጨምረው የሂሳቡን ነገር ነው። ስኩዊድ ነክቼ አላውቅም፤ የምሠራው ከሌሎች በመጣ ቁጥር ነው።

የቆሮሶ ዕድገት ገና ከጅምሩ ፈጥኖ በኋላ እየዘገየ ይሄድና ወደ አንድ ጣሪያ ይጠጋል፤ እናንተ በቮን በርታላንፊ ቀመር የምታሰሉት ይህንን ነው። ዓሣው ካደገ በኋላ ሥጋው የሚወፍረው በአብዛኛው ያሉት የጡንቻ ክሮች እየሰፉ ነው። ስኩዊድ ግን አድጎም ቢሆን አዳዲስ የጡንቻ ክር መጨመሩን አያቆምም፤ ስለዚህ ለመራባት እስኪደርስ ድረስ ወደ ጣሪያ የመጠጋት ምልክት ብዙ ጊዜ አይታይበትም። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክብደቱ የሚጨምረው እንደ ወለድ ወለድ ነው፤ ትናንት የጨመረው ዛሬ ራሱ ይወልዳል። በወለድ ወለድ ላይ ደግሞ የመጠኑ ጥቂት ልዩነት መጨረሻው ትልቅ ነው።

ለምሳሌ ያህል የራሴን ቁጥር ልውሰድ። አንዱ ስኩዊድ በቀን በመቶ 5፣ ሌላው በመቶ 6 ክብደት ይጨምር፤ ጭማሪው ግን በቀን አንድ ጊዜ ሳይሆን በየቅጽበቱ የሚታከል ሆኖ ይታሰብ። በ90 ቀን የመጀመሪያው የተፈለፈለበትን ክብደት 90 ጊዜ ያህል ሲሆን፣ ሁለተኛው 221 ጊዜ ይሆናል። አንዲት መቶኛ ሁለት ዕጥፍ ተኩል አመጣች። አሁን የእርስዎን መስከረምና ኅዳር ላምጣው፤ ብቻ በሰሜኑ ባሕር ውኃው ከክረምት ወደ በጋ የሚሞቅበት ወቅት ነው እንበል። ቀድሞ የተፈለፈለው በቀዝቃዛ ውኃ በመቶ 5 ያድጋል። ከ30 ቀን በኋላ የተፈለፈለው ሞቅ ያለ ውኃ አግኝቶ በመቶ 7 ያድጋል። ታላቁ 120 ቀን ሲሞላው ታናሹ ገና 90 ቀኑ ነው። ታላቁ የተፈለፈለበትን ክብደት 403 ጊዜ ሲሆን ታናሹ 545 ጊዜ ሆኗል። ታናሹ ታላቁን አለፈው።

ፎርሳይት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፤ በስኩዊድ የመጀመሪያ ወራት የሙቀት መጠን በአንድ ዲግሪ እንኳ ከፍ ቢል በአዋቂነቱ መጠን ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፣ በሚሞቅ ወቅት ዘግይተው የተፈለፈሉትም ቀዳሚዎቹን ይደርሱባቸዋል ነው የሚለው። እርግጥ ነው ሙቀቱ ምግብ ካላገኘ ብቻውን አያሳድግም። ብዙ ዝርያዎች ደግሞ እንቁላል የሚጥሉት በአንድ ሳምንት ሳይሆን ብዙ ወር አከታትለው ስለሆነ፣ በአንድ መረብ ውስጥ ያለው የብዙ ወር ልጆች ድብልቅ ነው። ግራፉ ላይ ያለው አንድ ጉብታ አንድ ትውልድ አይደለም። አንዳንዴ ጉብታው ከወር ወር ወደ ግራ ይሄዳል፤ ስኩዊዱ አጥሯል ማለት ነው? አይደለም፤ ትልልቆቹ ሞተው ወይም ሄደው ሌሎች ተተክተዋል። ጉብታ የሚከተሉ የኮምፒውተር ዘዴዎች ዕድሜያቸው በስታቶሊት በታወቀ ስኩዊዶች ላይ ተሞክረው ሳይሳካላቸው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከቆሮሶዎ ይዘውት የመጡት ጥርጣሬ ለቆሮሶ ትክክል ነው፤ ለስኩዊድ ግን አይሆንም።

ጉዳዩ በቤተ ሙከራ ብቻ የሚቀር አይደለም። በደቡብ ምዕራብ አትላንቲክ፣ ከአርጀንቲና ወዲያ ማዶ፣ ኢሌክስ አርጀንቲነስ የሚጠመድበት ቦታ አለ። መርከቦቹ በሌሊት የሚያበሩት መብራት እጅግ ብዙ ስለሆነ በሳተላይት ፎቶ ላይ ሰው በሌለበት ባሕር መሃል ብርሃን ሆኖ ይታያል። የዚህ ስኩዊድ ዕድሜ አንድ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተያዘው ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር፤ በ2004 ከ200 ሺህ ቶን በታች ወረደ። ዕድሜው ሦስት ዓመት ነው ብሎ የሚያምን አስተዳዳሪ ዘንድሮ ቢበዛ የአምናና የካቻምና ልጆች ባሕር ውስጥ አሉ ብሎ ይጽናናል። አንድ ዓመት ከሆነ ግን የከርሞው ሁሉ የሚመጣው ዘንድሮ ሳይያዙ ከተረፉት ብቻ ነው። የፎክላንድ ደሴቶች አስተዳደር ይህን ተቀብሎ ነው በየሳምንቱ የተያዘውን እያሰላ፣ ዓሣ ማጥመድ ባይኖር ኖሮ ሊተርፍ ከሚችለው ከመቶ 40 ያህሉ እንዲተርፍ ዒላማ አድርጎ ወቅቱን የሚዘጋው። ለስሌቱ መሠረት የሆነው ያች ጤፍ የምታክል ድንጋይ ናት።

በሴሚናርዎ ላይ ርዝመትን ከእነ አካቴው አይጣሉት። የማንትል ርዝመት ከዕድሜ ጋር ሆኖ ሲቀርብ የዕድገቱን ፍጥነት ይነግራል። የማይሆነው ርዝመቱን ዕድሜ አድርጎ መውሰድ ነው።


የቆሮሶ ተማሪ፦

የ403ና የ545ን ሂሳብ በወረቀት ላይ ደግሜ ሠራሁት፤ እውነትም ይወጣል። ከክፍል ቢያስወጡኝም ይህንን ይዤ ነው የምገባው። ከአቀራረቤ ውስጥ የርዝመት ጉብታዎችን በቀስት እያያዝኩ የሠራሁትን ሥዕል አውጥቼ፣ በቦታው የተፈለፈሉበትን ወር የሚያሳይ ሥዕል አስገብቻለሁ። የባሕረኛውንም ሁለት ስኩዊዶች እንደ መነሻ ልጠቀምባቸው አስቤአለሁ፤ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ።


ባሕረኛው፦

ፈቅጃለሁ፤ እንዲያውም ለዓመታት የተሳሳተ ታሪክ ለባልደረቦቼ ስነግር መኖሬን አብረው ይናገሩልኝ። በመጪው ወር እንደገና በኤደን ባሕረ ሰላጤ እናልፋለን። ስኩዊድ ወለል ላይ ካገኘሁ፣ ወይም ፊሊፒኖዎቹ ከያዙ፣ ላስቀምጥላችሁ እችላለሁ። ምን ላድርገው? ሆስፒታል ክፍላችን ፎርማሊን አለ።


ሐኮዳቴ፦

ፎርማሊኑን ይተዉት፤ አሲድነት ስላለው ድንጋይዋን ይበላታል፣ ስንከፍተው ባዶ ክፍተት ነው የምናገኘው። ከሁሉ የሚቀለው ወጥ ቤቱ ሳይቀድማችሁ ጭንቅላቱን ከማንትሉ ለይቶ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ በማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ እስኪሆን ማስቀመጥ ነው። ቀሪውን ቢበሉት ለሳይንስ ጉዳት የለውም። ብቻ ከመቁረጣችሁ በፊት ማንትሉን ከጀርባው በኩል፣ ከጫፍ እስከ አንገቱ ጠርዝ፣ በሚሊሜትር ይለኩት፤ በጀርባው ላይ ሞላላው ምልክት መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ መርከቧ የነበረችበትን ኬክሮስና ኬንትሮስ በእርሳስ ወረቀት ላይ ጽፈው ከጭንቅላቱ ጋር በከረጢቱ ውስጥ ያስገቡ። በእስክሪብቶ አይጻፉት፤ ሲቀልጥ ይጠፋል፤ ቀኑ ያልታወቀ ስኩዊድ ደግሞ ቀለበቱን ብንቆጥርለትም መቼ እንደተወለደ አናውቅም።